የቀኝ ትከሻ

ዝናሽ የኮቱን የቀኝ እጅጌ ከትከሻው ጋር ልትገጥም ስትል መርፌው ጣቷን ይወጋታል። ደሙ ጨርቁን እንዳይነካው ጣቷን አፏ ውስጥ ትከትና በዓይኗ መስመሩን ትከተላለች። ባለ ካሬ ጨርቅ ሰው አይምርም። ደረቱ ላይ ያለው ቀይ መስመር እጅጌው ላይ ካለው ጋር ካልገጠመ ሰፊዋን ከሩቅ ያሳጣታል።

ጓደኛዋ ጸጋ የታችኛው አልጋ ላይ ተቀምጣ በትንሽ መስታወት ቅንድቧን ታስተካክላለች። በዚህ የዓረብ ከተማ፣ ዲራ ሰፈር ውስጥ፣ ስድስት ሆነው የሚኖሩበት ቤድ ስፔስ፣ አልጋ በአልጋ የሚከራየው ክፍል፣ የሴቶች ብቻ ነው፤ ዘበኛው ወንድ አያሳልፍም። ስለዚህ የኮቱ ባለቤት ሳሙኤል ታች መኪና ማቆሚያው ላይ ይጠብቃል። የፊታችን እሁድ እሱና ጸጋ ቀለበት ያስራሉ።

“ያላ ዝኑዬ፣ ፀሐይ ላይ ነው የቆመው።”

ዝኑዬ የምትላት ነገር ስትፈልግ ነው።

ልኩንም ያመጣችው ጸጋ ናት። ሳሙኤል በዕድሜው ኮት ለብሶ አያውቅም፤ ያለው አል ጋርሁድ ሰፈር የሚሠራበት የካርጎ መጋዘን ዩኒፎርም ነው። ለእጅጌው አንድ ሸሚዙን አመጣች። ለደረቱ ግን ሸሚዙ ሰፊ ስለሆነ አይታመንም ብላ፣ ክንዶቿን ዘርግታ ባዶ አየር አቀፈችና ልክ እዚህ ጋ ነው የሚገጥምልኝ አለች። ዝናሽ ምን ታድርግ? ሜትሯን በዚያ አየር ዙሪያ አዞረች። መቶ አራት ሆነ። ለጸሎት ስንተቃቀፍ ነው ያወቅኩት፣ አለች ጸጋ ማንም ሳይጠይቃት። ዝናሽ ቁጥሩን ስትጽፍ እስክሪብቶው ወረቀቱን ቀደደው።

ቅናት ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ሌላ ስም ልትሰጠው ሞክራ ነበር፤ ድካም ነው፣ የአገር ናፍቆት ነው ብላለች። ግን ጸጋ ስልኳን አይታ ፈገግ ባለች ቁጥር የሚሰማት ናፍቆት አይደለም። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ቤተ ክርስቲያናቸው በተከራየው አዳራሽ ውስጥ፣ ሳሙኤል ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሲቀመጥ እሷ አራተኛው ላይ፣ ልክ ከኋላው ተቀምጣለች። ማንም አላወቀባትም፤ እሱም ጭምር። ከአምስት ወር በፊት ጸጋን እጇን ይዛ ወደዚያ አዳራሽ ያስገባቻት ደግሞ ራሷ ዝናሽ ናት።

ጸጋ ዘማሪ ሆነች፤ መድረክ ላይ ቆማ ፊቱን ታያለች። ዝናሽ የምታውቀው ጀርባውን ነው። ስለዚህ ጸጋ የማታውቀውን አንድ ነገር ታውቃለች። የሳሙኤል ቀኝ ትከሻ ከግራው ዝቅ ይላል። ብዙም አይደለም፣ የአንድ ጣት ውፍረት ቢሆን ነው፤ ዓመታት ሙሉ ጭነት የተሸከመበት ትከሻ ነው። ሸሚዝ ይደብቀዋል። ካሬ ግን አይደብቅም። ሁለቱ ትከሻዎች እኩል ከተሰፉ በቀኝ በኩል መስመሮቹ ሁሉ ቁልቁል ይሄዳሉ፤ ሰውየውም በሽማግሌዎች ፊት፣ በየፎቶው ላይ፣ ተጣሞ ይታያል።

ይጣመም። እሷ የምትሰፋው በተሰጣት ልክ ነው፤ ማን ይወቅሳታል? ከሰኞ ጀምሮ ይህንኑ ስታስብ ሰነበተች፤ መዋሸት እንኳ አያስፈልጋትም፤ ሐሳቡም ደስ ብሏት ነበር።

የጸጋ ስልክ ይጠራል። መጣሁ የኔ ፍቅር፣ አንድ እጅጌ ነው የቀረው ትለዋለች፤ ድምጿ ማር ማር ይላል። ከዚያ ፊቷን ልትታጠብ ትወጣለች፤ የጋራው መታጠቢያ ቤት ሁልጊዜ ወረፋ አለው።

ሌሎቹ ሥራ ላይ ናቸው፤ ዝናሽ ብቻዋን ስትቀር እጇን በባዶው ትከሻ ውስጥ ታስገባለች። የሳሙኤል የሸሚዝ ኮሌታ ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ይሸሻል። ለጸሎት ተነሡ በተባለ ቁጥር፣ ሰው ሳያየው፣ በሁለት ጣቱ ቶሎ ብሎ ይመልሰዋል። ያፍርበታል ማለት ነው። ይህን ያየች እሷ ብቻ ናት።

“ኸላስ፣ በቃ” ትላለች ለራሷ።

ከክር ሳጥኗ ትርፍ የትከሻ ስፖንጅ ታወጣለች። ዳሩን በመቀስ ታሳሳና በቀኙ ስፖንጅ ላይ ደርባ ትሰፋዋለች። እጅጌውን ትገጥማለች፤ ገበሩን ትዘጋበታለች። ጸጋ ስትመለስ ኮቱ ተንጠልጥሏል።

ጸጋ ጉንጯን ትስማታለች። “ጌታ ይባርክሽ ዝኑዬ። የአንቺንም ቀን ያሳየኝ።”

ዝናሽ አሜን ትላለች። በሩ ሲዘጋ ወደ መስኮቱ ትሄዳለች፤ ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ሁሉም ይታያል። ታች፣ ሳሙኤል ጸጋ ያወረደችለትን ኮት ይለብሳል። መስመሮቹ ከትከሻ ትከሻ ቀጥ ይላሉ። በልማዱ ሁለት ጣቱን ወደ ኮሌታው ይልካል፤ የሚያስተካክለው ነገር ያጣል። ጣቶቹን እዚያው እንዳቆመ ይስቃል። እንዲህ ሲስቅ ዝናሽ አይታው አታውቅም።

ጸጋ ታጨበጭባለች፤ ከፊት ታየዋለች፣ ከዚያ ወደ ጀርባው ትዞራለች። ጨርቁን በመዳፏ ታስተካክላለች። እጇ ቀኙ ትከሻ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ትጫነዋለች። ግራውን ትነካለች፤ ቀጭን ነው። እንደገና ወደ ቀኙ ትመለሳለች፣ በጣቶቿ ውፍረቱን ትለካለች፣ የራሱን ትከሻም ከሥሩ ትፈልጋለች፤ ዝቅ ብሎ ታገኘዋለች።

ይህን ልክ እሷ አልሰጠችም። ፊቷን ቀና ታደርጋለች፤ ወደ ሦስተኛው ፎቅ።

ዝናሽ ከመስኮቱ አትሸሽም። ታች ጸጋ ሳሙኤልን ከኋላው ጥብቅ አድርጋ ታቅፈዋለች፤ ዓይኗን ግን ከመስኮቱ ላይ አትነቅልም።