ሠላሳ ስምንተኛዋ መስመር

ጀልባዋ ከሰመጠች ዘጠኝ ቀን ሆኗታል። ሽማግሌው መዝጋቢ የሟቾቹን ዝርዝር ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ገልብጠዋል። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ መስመር፤ ስሙ፣ ዕድሜው፣ የአስከሬኑ ቁጥር፣ በኮማ ተለያይተው።

ፕሮግራመሯ አጭር ስክሪፕት ጻፈች። ፋይሉን መስመር በመስመር እያነበበ ሰዎቹን ወደ መሥሪያ ቤቱ ዳታቤዝ የሚያስገባ ትእዛዝ ያወጣል። ስሙ ዳታቤዝ ውስጥ ያልገባ ሰው አስከሬኑ ለቤተሰብ አይሰጥም።

አለቃዋ፣ «ጥቂት ቀን ብታርፊስ?» ብሏት ነበር።

«ሥራ ይሻለኛል» አለችው።

ወረቀቱ ላይ ስልሳ አንድ ሰው አለ። ዳታቤዙ ውስጥ የገባው ግን ስልሳ ነው። ስክሪፕቱን ደጋግማ ፈተሸች፤ እንከን የለበትም። ፋይሉን ከወረቀቱ ጋር አመሳከረች። ሠላሳ ስምንተኛዋ መስመር የለችም። ወረቀቱ ላይ እዚያ ያለችው የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት።

በማግስቱም ጠዋት ስልሳ፤ መስመሯ እንደገና ጠፍታለች። በሦስተኛው ቀንም ስልሳ።

ቢሮው ውስጥ ሹክሹክታ በዛ። እሷ ስትገባ ሁሉም ወደ ሥራው ያቀረቅራል።

ኮምፒውተሯን ማን እንደሚነካ ጥበቃውን ጠየቀችው። ወዲያ ወዲህ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔ ነገርኩሽ እንዳትይ እንጂ፣ ሁሉም ለምሳ ሲወጣ ሽማግሌው ያንቺ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ።»

ደሟ ፈላ። እኚህ ደግ ሰው እንዲህ ያደርጋሉ?

በምሳ ሰዓት ከሰው ጋር ወጣች። ደጅ ቆማ ልጇ ጋ ደወለች። ዝግ ነው። «የዘንድሮ ልጅ ስልኩን ቻርጅ ማድረግ አያውቅም» ብላ አጉረመረመች። ከዚያ ጫማዋን አውልቃ፣ ኮቴዋን አጥፍታ ተመለሰች።

ሽማግሌው ኮምፒውተሯ ላይ አቀርቅረው በአንድ ጣታቸው ይጽፋሉ።

«አባባ!»

ደንግጠው ተነሡ።

«ለምንድን ነው የሚያጠፏት? ምን አደረገችዎት?» ወደ ጠረጴዛው ተጠጋች። «እናቷ ይሄኔ በር በሩን እያየች ይሆናል። የሰው ልጅ ያለ ቀብር ትቅር? አንጀት የለዎትም?»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ።

«እኔ አላጠፋኋትም፤ ጠዋት ጠዋት አንቺ ታጠፊያታለሽ፣ እኔ ደግሞ በምሳ ሰዓት ልጅሽን እመልሳታለሁ።»