ፎጣ የለበሰው ጌም

ግሌን ጌም ማጫወቻውን በትልቁ የገላ ፎጣ ጠቀለለው። የአየር መውጫዎቹን አንድም ሳያስቀር አፈናቸው፣ የፎጣውን ጫፍ ከሥር ወተፈው፣ ከዚያ ሰካና አበራው። በጨርቁ ውስጥ የብልሽት ምልክት የሆኑት ሦስቱ ቀይ መብራቶች ብልጭ ድርግም ይላሉ። ሰዓቱን አየ፤ ለስድስት ሩብ ጉዳይ። ልጁ ሊያን ስድስት ላይ ትመጣለች።

ማሽኑ ሲሞትበት ይኼ ሦስተኛው ነው። ሃያ ደቂቃ ታፍኖ ይግል፣ ከዚያ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ይነሳል፤ ግሪምዝቢ ከተማ ውስጥ ይኼ ዕቃ ያለው ሰው ሁሉ የሚያውቀው መላ ነው። ዓሣ ፋብሪካው ውስጥ አብረውት ከሚሠሩት ግማሾቹ በዚህ የተነሳ ከሚስቶቻቸው ጋር በፎጣ ተጣልተዋል። የመጀመሪያው ጊዜ አንድ ወር ሠራለት። ሁለተኛው ዘጠኝ ቀን።

ልብ ያለው ሰው ለአምራቹ ይልከው ነበር። እሱም ደውሎ ነበር እኮ። ስልኩን ያነሳችው ትሁት ልጅ ዋስትናው ገና እንዳላለቀ፣ በነፃ እንደሚጠገንለት፣ አራት ሳምንት ብቻ እንደሚፈጅ ነገረችው። አራት ሳምንት ብቻ ትላለች! ፍርድ ቤት ልጁን እንዲያይ የፈቀደለት በሁለት ሳምንት አንድ ቅዳሜ ነው፣ ከስድስት እስከ አስራ ሁለት ሰዓት። አራት ሳምንት ማለት ሁለት ሊያን ማለት ነው። አመስግኖ ዘጋና ካቻቪቴ አነሳ። የዋስትናውን ማሸጊያ በገዛ እጁ ቀደደው፤ ከዚያ ወዲህ አምራቹም አያውቀው።

ምን ያድርግ? የአስራ ሦስት ዓመት ልጅ በአንዲት ክፍል ውስጥ ከአባቷ ጋር ስድስት ሰዓት ሙሉ ምን ትሠራለች? በመጀመሪያዎቹ ወራት ሲኒማ ወስዷታል፣ ባሕሩ ዳር ዓሣና ድንች ጥብስ አብልቷታል፤ ሁለቱም ሐኪም ቤት ወረፋ እንደሚጠብቅ ሰው ሰዓት ሲያዩ ይውሉ ነበር። ጌሙ ሲመጣ ያ ሁሉ ቀረ። የመኪና ውድድሩ ውስጥ ሁለት ዓመት ለፍተው ሰባ ሁለት መኪና ሰብስበዋል። ቀለሙን እሷ ትመርጣለች፣ ሞተሩን እሱ ይቀይራል። ስትነዳ ትሰድበዋለች፣ ትስቅበታለች፣ ዓይኗ ስክሪኑ ላይ ስለሚቀር የሆዷን ሁሉ ሳታውቀው ትዘረግፍለታለች። ልጁን የሚያገኛት ያኔ ነው፤ ሌላ ጊዜ አያገኛትም።

ደወሉ ሲጮህ ማሽኑ ገና ፎጣው ውስጥ ነበር። ሊያን ገብታ ጉንጩን ሳመችው። ጃኬቷን አላወለቀችም፤ እሱ ግን ልብ አላለም።

«ደግሞ ሞተ?» አለች ፎጣውን አይታ።

«አልሞተም፣ እያላበው ነው። ትንሽ ጊዜ ስጪው፣ እንደ አዲስ ይነሳል።»

ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ስለ ትምህርት ቤት ጠየቃት፤ ደህና ነው አለች። ስለ እናቷ ጠየቃት፤ ደህና ናት አለች። ግሌን የፎጣውን ትኩሳት በመዳፉ እየለካ፣ ዛሬ ሰባ ሦስተኛዋን መኪና ሳናገኝ ከዚህ ሶፋ ንቅንቅ የለም አላት። አልሳቀችም።

«አባ፣ አትልፋ። ፊል አዲስ ገዝቷል። የሱ አይበላሽም።»

ፊል የእናቷ ባል ነው። ግሌን ስለ ፊል ክፉ ላለመናገር ለራሱ ቃል ገብቷል። ጥሩ ነው፣ እዚያም ትለማመጃለሽ አላት።

«እንደሱ አይደለም። መኪኖቹ ያሉት እዚህ ነው።» ከማሽኑ ጎን የተገጠመውን ሃርድ ዲስክ በአገጯ አመለከተች። «እሱን ብወስደው ፊል ይገጥምልኛል። አንተ እንደሆነ አሁን አትጫወትበትም።»

«ታዲያ እኔና አንቺ በምን እንጫወታለን?»

ሊያን መስኮቱን አየች። «እማዬ ልትነግርህ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ዋና ጀምሬያለሁ። ለፋሲካ ግን እመጣለሁ።»

እሱም ወደ መስኮቱ ዞረ። የፊል መኪና በሩ ላይ ቆሟል፣ ሞተሩ አልጠፋም። ጃኬቷ እስከ አንገቷ ድረስ እንደተቆለፈ ያየው ይኼኔ ነው።

እምቢ ማለት ይችል ነበር። የፍርድ ቤቱ ወረቀት መሳቢያው ውስጥ አለ፣ ቀኑና ሰዓቱ ቁልጭ ብሎ ተጽፎበታል። አውጥቶ ያንብብላት? ልጁን በወረቀት አስሮ ሶፋ ላይ ያስቀምጣት? ማሽኑን ነቀለና ፎጣውን ገፈፈ። እሷ አወላለቁን ስለማታውቅ ሃርድ ዲስኩን ራሱ አወለቀላት። አንዲት ቁልፍ መጫን ብቻ ነው፤ ቀጭ ብሎ ወጣ።

«ይፋጃል፣ እጅሽን» አለና በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጣት።

«አመሰግናለሁ፣ አባ።»

«ለፊል ንገሪው። ቀይዋ መኪና ዝናብ ላይ ትንሸራተታለች። ፍሬኑን ቀደም አድርጎ ይያዝ።»

እነግረዋለሁ አለች። አቅፋው፣ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወረደች። የመኪናው በር ሲዘጋ ሰማ።

ማሽኑ እስኪቀዘቅዝ ቆመ። ከዚያ ለምን እንደሆነ ሳያውቅ ሰካውና አበራው። ቀዩ የለም፤ አረንጓዴ መብራት ቦግ አለ። ስክሪኑ የተመዘገበ ተጫዋች እንደሌለ አስታውቆ አዲስ ስም እንዲያስገባ ጠየቀው። ግሌን ምንም አላስገባም። ሶፋው ላይ ተቀምጦ ማሽኑ ተመልሶ እስኪሞት ጠበቀ።

አስራ ሁለት ሰዓት ሆነ፣ ሊያንን ወደ እናቷ ቤት የሚያደርስበት ሰዓት። ማሽኑ አሁንም ይሠራል።