የመርካቶው ጥሩንባ

የቤተ መዘክሩ ባለሙያ አሮጊቷ ያመጡትን ባለ ጥሩንባ የሸክላ ማጫወቻ አገላብጦ አየው። ከሥሩ የተቀረጸውን ቁጥር ከመዝገብ ጋር አመሳከረና «ሣጥኑ ደህና ነው፤ መቶ ዓመት አልፎታል» አላቸው። ቀጥሎ ጥሩንባውን በጥፍሩ ኳ ኳ አደረገው። «ይሄ ግን በኋላ የተገጠመ ነው። የዘይት ቆርቆሮ! የመርካቶ ቀጥቃጭ ገብቶበት አበላሽቶታል።»

ለሚስቱ እንኳ «አባቴ ዳኛ ነበሩ» ብሏት የሚኖር ሰው ነው። «ቀጥቃጭ» ሲል አፉን አጣመመ።

አሮጊቷ ተቆጡ። «እንዴት ያለ ባለሙያ ነበር መሰለህ ልጄ! የፊተኛው ጥሩንባ በሠርጌ ዋዜማ ሲሰበር እሱ ባይደርስልን፣ ሠርጌ ያለ ዘፈን ይቀር ነበር። ከውስጥ ስም ጽፎበታል፣ እየው። ያንተ ስም ነው ወይ ብዬ ብጠይቀው ‹እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ መጻፍ የማውቀው የልጄን ስም ብቻ ነው› አለኝ።»

ባለሙያው ጥሩንባውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረ። ፊደላቱ በምስማር ተጭረዋል። ልጅ ሳለ አባቱ ደብተሩ ሽፋን ላይ እንደጻፉለት ሁሉ፣ የመጨረሻዋ ፊደል ተገልብጣ ነው የተጻፈችው።

«የኔ ዓይን ደክሟል። ማን ይላል?» አሉት አሮጊቷ።

ጠረጴዛው ላይ የቆመውን የራሱን የስም ሰሌዳ ቀስ ብሎ በግንባሩ ደፋው።

«ዝጓል እማማ» አላቸው። «አይነበብም።»