የኃላፊው እርምጃ

ፎቶ አንሺው አምና ጎህ ሲቀድ ያነሳውን የኮረብታ ጫካ በትልቅ ፍሬም አስገብቶ ወደ አካባቢ ጥበቃ ኃላፊው ቢሮ ይዞት ገባ። ይህን አይቶ የማይራራ ልብ የለም ብሎ ነው። እውነትም ኃላፊው መነጽራቸውን አውልቀው አለቀሱ፤ ደመወዝ የሚከፈላቸው ለዚሁ አይደል?

«ይሄ ገነት የት ነው ወንድሜ?»

«ከመስኮትዎ ፊት ለፊት ነዋ፣ ጌታዬ! ድንጋይ ፈላጮቹ ግማሹን በድማሚት ንደውታል። ይድረሱለት።»

«ዛሬውኑ እርምጃ እወስዳለሁ!» አሉ ጠረጴዛውን እየደበደቡ።

በሳምንቱ ነገሩ ከምን እንደደረሰ ሊጠይቅ ተመለሰ።

«እንዳልኩህ ያን ጉድ ከዓይኔ አጠፋሁት፤ አሁን ጠዋት ማታ የማየው ጫካውን ብቻ ነው!» አሉት በኩራት።

ፎቶ አንሺው መስኮቱን ፈልጎ አጣው። ምስሉ ከዳር እስከ ዳር ሸፍኖታል። ከበስተኋላው ድማሚት ጮኸ፤ ዛፎቹ ከነፍሬማቸው ተወዛወዙ።