ከጅቡቲ የመጣው ሽሪምፕ

የከባድ መኪና ሹፌሩ ሀሰን ከጅቡቲ ሲመለስ ለሚስቱ ለዋፊቃ በባልዲ ያመጣላት ቀይ ሽሪምፕ፣ ያ ቅርፊታም ትንሽ የባሕር እንስሳ፣ ጉንጩ ላይ አብጦ ነበር። አዳማ ውስጥ እንደ እሷ የጨው ውሃ አኳሪየም፣ የባሕር ዓሦች የሚኖሩበት የመስታወት ሣጥን፣ ቤቱ ያለው ሌላ ሰው ስለማታውቅ የምታማክረው አላገኘችም። ቀረብ ብላ ስታየው ከቅርፊቱ ስር ምስር የሚያህል ተባይ ተጣብቆ ደሙን ይጠባ ነበር።

"ጣይው ይቅርብሽ፤ ዓሦቹንም ይጨርሳል" አላት ሀሰን።

"ቤቴ የገባን ነፍስ ለተባይ አሳልፌ አልሰጥም!" አለችና ሽሪምፑን በእርጥብ ጨርቅ ይዛ ተባዩን በወረንጦ ነቀለችው። እግሩ ብዙ ነው። ጨው የሌለው የቧንቧ ውሃ ውስጥ ስትጥለው ተጠቅልሎ ሞተ።

ሽሪምፑ ውሎ አድሮ አገገመ። እጇን ውሃው ውስጥ ስትዘረጋለት እየወጣ ቆዳዋን መልቀም ለመደ። ዓሦቹንም ከላያቸው ተባይ እየለቀመ የሚያጸዳቸው እንደዚያ ስለሆነ ደስ ይላት ነበር።

አንድ እሁድ ረፋድ ላይ፣ ሀሰን አጠገቧ ቆሞ እያየ፣ ሽሪምፑ የእጇ አንጓ ላይ ቆመና አንድ ነገር ይጎትት ጀመር። ምንም አላመማትም። ከቆዳዋ ስር ምስር የሚያህል፣ እግረ ብዙ ነገር መዝዞ አወጣ። ነገሩ በሕይወት ነበር፤ ይንፈራገጣል።

"ዋፊ፣ በአላህ እጅሽን አውጪ!" ሀሰን ትከሻዋን ያዛት።

በሌላ እጇ ገፋችው፤ የነከረችውንም እስከ ክርኗ ድረስ አስገባችው።

"እኔ አልተውኩህም" አለችው ሽሪምፑን፤ "አንተም እንዳትተወኝ።"

ሽሪምፑ ክንዷን ይዞ ወደ ላይ ወጣና ሁለተኛውን መጎተት ጀመረ።