የጃክ የልብ ምት

ሥራ አስኪያጁ አቶ መርዕድ የእንስሳት ክሊኒኩን አዲስ የልብ ምት መከታተያ ሞኒተር ለማስመረቅ ካሜራ ጠርቶ፣ እንግዳ ሰብስቦ፣ ማሽኑ ለሚታይበት ቀዶ ጥገናም የገዛ ውሻውን ጃክን አምጥቷል። እንግዶቹ ከመግባታቸው በፊት ግን፣ ጃክ ማደንዘዣ ወስዶ እንደተኛ፣ የልብ ምት የሚለካው መቆንጠጫ ከምላሱ ላይ እየሾለከ አስቸገረ። በሾለከ ቁጥር ማሽኑ ይጮሃል። ሥራ አስኪያጁ የማደንዘዣ ነርሷን ጠራና፣ «ካሜራ ፊት አንዴ ቢጮህ፣ ነገ እዚህ ግቢ እንዳላይሽ!» አላት።

እንግዶቹ ሲገቡ ማሽኑ እጅግ ጨዋ ሆኖ ጠበቃቸው።

«ይኸው፣ ሰባ ሁለት! ልቡ ልክ እንደ ሰው ነው የሚመታው!» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ለዕለቱ ያሰፋውን ነጭ ጋዋን እያስተካከለ። «ድሮ ሐኪም ጎንበስ ብሎ ትንፋሽ ያዳምጥ ነበር። እኛ ግን ሰልጥነናል።»

ቀዶ ጥገናውን የሚሠራው ሐኪም ድንገት እጁን ገታ። «አቶ መርዕድ፣ ደሙ እየጠቆረ ነው። ደረቱም አይንቀሳቀስም።»

«ዶክተር፣ እየተቀረጽን ነው እኮ! ይህን የመሰለ ማሽን እያለ ደም ምን ያሳይዎታል? ስክሪኑን ይመልከቱ!»

ሁሉም ቀና ብለው ስክሪኑን አዩ። ሰባ ሁለት የነበረው ቁጥር ዘጠና ገባ፤ ወዲያው መቶ ሃያን አለፈ።

«አያችሁ? ጃክዬ! እንዲያውም በረታ!» ሥራ አስኪያጁ አጨበጨበ፤ እንግዶቹም ተከተሉት።

ነርሷ አላጨበጨበችም። አንድ እጇ ጃክ ላይ በተዘረጋው ጨርቅ ሥር ነበር፤ መቆንጠጫው ሌባ ጣቷን ነክሶ ይዟል።