ውሃው ሲሞላ የመጡት ሽማግሌዎች

ጀውሃራ በስደት በምትኖርበት በዴልፍስሃቨን ሰፈር የቤቷን በር ስትከፍት፣ ወንድሟ ከሚኖርባት ከወንዝ ዳሯ ቲል ከተማ ሦስት ሽማግሌዎች ደጃፏ ላይ ቆመዋል። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር 1995 ነው፤ ጥር ሊያልቅ ነው። በማለዳ ሽማግሌ ሳይደውል የሚመጣው ደግሞ ለመርዶ ነው። «ወንድሜን!» ብላ ጮኸች፤ ጎረቤቱ ሁሉ መስኮት ከፈተ።

«ኧረ ቀስ በይ ልጄ! ወንዙ ሞልቶ ከተማውን ልቀቁ ተብለን ነው» አሉ አቶ በርሀ።

መርዶ ነጋሪ ሲጀምር እንዲህ እንደሚያዘናጋ ጀውሃራ ታውቃለች። «እሺ፣ ወንድሜ ከማሉዲን የታለ?»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። «ከኋላችን ነበረ እኮ» አሉ አቶ በርሀ፣ ወደ ጨለማው ደረጃ ዞር ብለው። ጀውሃራ የበሩን መቃን በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘች። ቁልቁል መመልከት ግን አልደፈረችም።

ከታች አንድ ትልቅ ፍራሽ ግድግዳውን እየታከከ ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። ከፍራሹ ሥር የከማሉዲን እግሮች ታዩ።

«አንተ ከይሲ!» ብላ ፍራሹን በጡጫ ነረተችው። «ትናንት በስልክ፣ ከተማው ከጥንት ጀምሮ ስንት ጎርፍ ችሎ ቆሟል፣ ንቅንቅ አልልም አላልክም?»

ከማሉዲን ከፍራሹ ጀርባ ትንፋሹን ሰበሰበ።

«ከተማውማ ይችላል። ዋና የማልችለው እኔ ነኝ።»